ሥዕል የሚወድ ልጅ በቤቱ ላለው ሰው



በአገራችን ልማድ ልጅ በንባብ ቢበረታ አባቱ ደስ ይለዋል፤ በሒሳብ ቢበረታም ከጎረቤት ጋራ ሲጫወት ያነሣዋል። በሥዕል የበረታ እንደ ሆነ ግን የደብተሩን ኅዳግ አበላሸህ ተብሎ ይገሠጻል። ተግሣጹ ከክፋት የመጣ አይደለም። ወላጅ የሚፈራው ይህ ልጅ ነገ በምን ይተዳደራል ብሎ ነው፤ ይህም ፍርሃት መልስ ሊሰጠው የሚገባ ነው። እኔም በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ሃያ ዓመት ያህል ሳገለግል ያየሁትን፥ በቤተ ዘመዴም የደረሰውን፥ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ብጽፈው እንደዚህ ያለ ልጅ ለተሰጠው ሰው ጥቂት ይረዳዋል ብዬ አሰብሁ።

አስቀድሜ የነገሩን ስም ላስተካክል። ሥዕል ስል በእልፍኝ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ብቻ ማለቴ አይደለም። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የንግድ ከተማ ናት፤ ቡታጅራም ከጉራጌ ተራሮች ወዲያ በምሥራቅ በኩል ያለች እንደዚሁ የገበያ ከተማ ናት። በሁለቱም ከተማ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ገበያ እስኪደርስ ድረስ ዓይኑ የሚያርፍበትን ነገር ሁሉ አንድ ሰው አስቦ ነድፎታል፤ የሱቁን ስም፥ የክትፎ ቤቱን ሰሌዳ፥ የዕድሩን ማኅተም፥ የልጁን መማሪያ መጽሐፍ፥ በጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የዓይን ሕመም ማስጠንቀቂያ። ይህን የሚሠራው ሰው ሰዓሊም ይባል ነዳፊም ይባል፥ ወይም ዛሬ ወጣቶች እንደሚሉት ዲዛይነር ይባል፥ እኔ የምናገረው ስለ እርሱ ሙያ ነው።

የዚህን ሙያ ሥር መጀመሪያ ያየሁት ምን እንደማይ ሳላውቅ ነው። በልጅነቴ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ዳዊት ስደግም መምህራችን ቁም ጸሐፊም ነበሩ። ብራና ፍቀው መቃ ቀርጸው ለመጻፍ ሲቀመጡ እኛ ልጆች ፊደሉን ቶሎ ለማየት እንቸኩላለን። እርሳቸው ግን ግማሹን ቀን በወስፌ የብራናውን ዳር ሲበሱ፥ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳም ቀለም የሌለው መስመር ሲያሰምሩ ይውላሉ። አንድ ቀን ከመካከላችን አንዱ ደፍሮ «የኔታ፥ ይህን የማይታየውን ስለ ምን ይደክሙበታል?» ብሎ ጠየቃቸው። እርሳቸውም «የሚያነበው እንዳይደክም እኔ ልድከም» ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። ኅዳጉን ሰፊ የሚያደርጉት የአንባቢው አውራ ጣት ጽሕፈቱን እንዳይሸፍን ነበር፤ በቀይ ቀለም የሚጽፉትም ዲያቆኑ በጨለማ ውስጥ ቦታውን ቶሎ እንዲያገኘው ነበር። ሐረጉ፥ ማለት በገጹ ራስ ላይ የሚሣለው ጌጥ፥ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ዛሬ በትልልቅ ከተሞች ስለ ንድፍ በብዙ ገንዘብ የሚሰጠውን ትምህርት አልንቅም፤ ዳሩ ግን መጀመሪያው ምዕራፍ ይኸው ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባሁ፤ በሥዕል የተሞላ መጽሐፍም መጀመሪያ ያየሁት እዚያ ነው። ሥዕሉ ያማረ ነበር። ነገር ግን በሥዕሉ ላይ ያለው ቤት የጭስ ማውጫ ያለው፥ ገበሬውም ባርኔጣ የደፋ፥ ዛፉም እኛ የማናውቀው ነበር። እንሰት የሚባል ነገር በመጽሐፉ ውስጥ ከቶ አልነበረም። እኛ ግን ያደግነው በእንሰት ጥላ ነው፤ የበላነው ቆጮ፥ የተኛንበትም ጅባ ከእርሱ የተገኘ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ፥ መጽሐፍ ውስጥ የሚገባው የሌላ አገር ነገር ነው የሚለውን ትምህርት ማንም ሳያስተምረው ተማረው። ይህን አሳብ ከልቤ ለማውጣት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

የጉራጌ አገር በንድፍ ረገድ ድኃ አለመሆኑን ጀፎረን ያየ ሰው ሁሉ ይመሰክራል። ጀፎረ ማለት በመንደሩ መካከል የሚያልፍ ሣር የለበሰ ሰፊ መንገድ ነው። ቤቶቹ በግራና በቀኝ ፊታቸውን ወደ እርሱ አድርገው ይሠራሉ፤ እንሰቱም ከቤቶቹ በስተኋላ ይተከላል። በጀፎረ ላይ መስቀል ይከበርበታል፥ ለቅሶ ይደረስበታል፥ ሽማግሌ ነገር ያይበታል፥ ልጅ ይጫወትበታል፤ ማንም አጥሩን ገፍቶ እንዳይገባበትም ልማዱ ይጠብቀዋል። ከተማ ነዳፊዎች ብዙ ዓመት ተምረው በወረቀት ላይ የሚያወጡትን አሳብ አባቶች በሣር ላይ አውጥተውታል። ቤቱም እንደዚሁ የሚደነቅ ነው። በመካከሉ አንድ ትልቅ ምሰሶ ይቆማል፤ ከእርሱም እንጨቶች እንደ ጃንጥላ ዘንግ ወደ ጣሪያው ይዘረጋሉ። ሌሊት በምድጃው ብርሃን ወደ ላይ አንጋጦ ያየው ልጅ የመጀመሪያውን የንድፍ ትምህርት ተማረ ማለት ነው።

ይህን ቤት ይሠሩ የነበሩት እነማን እንደ ነበሩ ስናስብ ግን ደስታችን ይጎድላል። እንጨት ሠሪዎቹ ፉጋ ተብለው ከሌላው ተለይተው ይኖሩ ነበር፤ በልማድ መሬት አይሰጣቸውም፥ ከሌላው ወገንም ጋራ አይጋቡም ነበር። ምሰሶውን ያቆመው ሰው ምሰሶው ሥር በክብር አይቀመጥም ነበር ማለት ነው። በሌላውም የኢትዮጵያ ክፍል ብረት ሠሪው፥ ሸማኔው፥ ሸክላ ሠሪዋ ምን ተብለው ይጠሩ እንደ ነበር አንባቢ ያውቃል፤ ዳግማዊ አፄ ምኒልክም የእጅ ሠራተኛ እንዳይሰደብ አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። እንግዴህ እህቴ «ልጄ ቀለም ቀቢ ልትባል ነውን?» ብላ ባለቀሰች ጊዜ እንባዋ የብዙ ዘመን ልማድ ያመጣው እንባ መሆኑ ገባኝ።

እህቴ በወልቂጤ የሸቀጥ ሱቅ አላት። ልጇ ሒሳብ አያያዝ ተምራ ሱቁን እንድታሰፋላት ነበር አሳቧ። ልጅቱ ግን ገና በሕፃንነትዋ በሲጋራ ካርቶንና በሳሙና መጠቅለያ ጀርባ ላይ ዕቃውን ሁሉ እየሣለች ታድግ ነበር፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስትጨርስም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለውን አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ለመግባት ፈቃድ ጠየቀች። ነገሩም በዘመድ ልማድ ወደ እኔ ቀረበ።

እኔ ለእህቴ ስለ ሁለት ታላላቅ ሰዎች አጫወትኋት። አንደኛው ሰዓሊ አፈወርቅ ተክሌ ናቸው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1947 ገና ልጅ ሳሉ ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር፤ ነገር ግን ተሰጥዎአቸው ታይቶ ወደ ሥዕል ትምህርት ተዛወሩ። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ያለውንና 150 ካሬ ሜትር የሚሆነውን የመስተዋት ሥዕል የሠሩት እኒህ ናቸው። ሁለተኛው ትምህርት ቤቱ በስማቸው የተጠራው አለ ፈለገ ሰላም ናቸው። በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ተምረው ከተመለሱ በኋላ የራሳቸውን ስም ብቻ ከማስጠራት ይልቅ ሌሎችን ማስተማር መረጡ፤ በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን አቋቋሙ። ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያን አስተምረውበታል፤ ከዚያ ወዲህ በአገራችን ስማቸው ከሚነሣው ሰዓሊዎችም ብዙዎቹ የወጡት ከዚያው ቤት ነው። አለ ፈለገ ሰላም በ2008 ዓ.ም. ዐርፈዋል።

እህቴ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰማችኝና «ወንድሜ፥ እነርሱ ታላላቅ ሰዎች ናቸው፤ መንግሥትም ዐወቃቸው። የኔን ልጅ ግን በወልቂጤ ማን ያውቃታል? ማንስ ከፍሎ ያሠራታል?» አለችኝ። እውነትዋን ነው። ለወላጅ ፍርሃት የታላላቅ ሰዎች ታሪክ መልስ አይሆነውም። ሆኖም ልጅቱ ሄደች፤ ተማረችም፤ ከጓደኞችዋ ብዙዎቹ በአዲስ አበባ ሲቀሩ እርስዋ ወደ ወልቂጤ ተመለሰች።

የመጀመሪያው ዓመት ክፉ ነበር። በድሮ ጊዜ በከተሞቻችን የሱቅ ሰሌዳ በእጅ የሚጽፉ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ፊደላቸውም ከሩቅ ይታወቅ ነበር። ዛሬ ግን ማተሚያው በአንድ ሰዓት ውስጥ በፕላስቲክ ጨርቅ ላይ ሁሉን አትሞ ያወጣል፤ ሥዕሉም ከኢንተርኔት የተለቀመ ነው። በቡታጅራ አንድ ክትፎ ቤት ሰሌዳ እንድትነድፍለት ጠይቆአት ነበር። እርስዋም ሦስት ቀን ተቀምጣ ጣባውን፥ የቀንድ ማንኪያውን፥ የተነጠፈውን የእንሰት ቅጠል ሣለች። ባለቤቱ አይቶ እጅግ አመሰገናት፤ ከዚያም በግማሽ ዋጋ ከሌላ ቤት አሠራ። አሁን በዚያ ክትፎ ቤት ራስ ላይ ተሰቅሎ የሚታየው በዳቦ መካከል የገባ የፈረንጅ ሥጋ ነው። መንገደኛ ሁሉ እያየ ያልፋል፤ ገብቶ ክትፎውን ሲበላ ግን ደስ ይለዋል፤ ክትፎውስ ደኅና ነው።

መንገዱ የተከፈተላት ከንግድ ቤት በኩል ሳይሆን፥ ማንም ሥራ ነው ብሎ ባልቈጠረው በኩል ነው። የምሠራበትን ፍርድ ቤት ስም መጥራት ለነገራችን አያስፈልግም። በዚያ ግን ዘወትር የማየው አንድ ነገር ነበር። ከገጠር የመጣች ባልዋ የሞተባት ሴት የወራሽነት ማስረጃ ፈልጋ ጠዋት ትገባለች፤ ሲዘጋም አንድ በር እንኳ ሳትገባ ትወጣለች። በየበሩ ላይ ጽሕፈት ተለጥፎአል፤ ጽሕፈቱንም ያረቀቅሁት እኔ ስለ ሆንሁ ጥርት ያለ አማርኛ መሆኑን መመስከር እችላለሁ። ማንበብ ለማትችል ሴት ግን ጥርት ያለ አማርኛ ምኗም አይደለም።

ይህን ለእህቴ ልጅ ባጫወትኋት ጊዜ «አጎቴ፥ ኮሪደሩ ላይ እንድቀመጥ ያስፈቅዱልኝ» አለችኝ። ሦስት ቀን እርሳስ ሳትይዝ ተቀምጣ ሰው ከየት ገብቶ ወዴት እንደሚሄድ፥ ማንን እንደሚጠይቅ፥ ምን እንደሚያስፈራው ስትመለከት ዋለች። ከዚያ ሥዕሉን አመጣች፤ አንድ እጅ ወረቀት ሲያቀብል፥ ከእርሱም ቀጥሎ ወደ በር የሚያመለክት ቀስት። እኔ እጅግ ወደድሁት። እርስዋ ግን በእኔ ምስጋና አልተደሰተችም፤ ይዛው ወጥታ ከደጅ ለተቀመጡ እናቶች አሳየቻቸው። አንዲት አሮጊት ትኵር ብለው አዩና «ምነው ልጄ፥ ይህ እጅ የተቆረጠው በማን ነው?» አሉ። ሌላዪቱም ቀስቱን አይተው «ጦር ከሆነ ለፖሊስ ይነገር እንጂ» ብለው ሁላችንንም አሳቁን። ነገሩ ግን የሚያስቅ ብቻ አልነበረም። ቀስት ወደዚህ ሂድ ማለት የሆነው በመንገድ ምልክትና በመጽሐፍ ለተማረ ሰው ነው፤ እጅም ያለ ሰውነት የሚሣለው እንደዚህ ያለ ሥዕል ለለመደ ዓይን ነው።

ስለዚህ ያንን ሥዕል ቀደደችው። በእርሱ ፋንታ ሕፃን ያዘለች አንዲት ሴት፥ ከራስዋ እስከ እግርዋ፥ ያንኑ ነጠላ እንደ ለበሰች በሦስት በሮች ፊት ሦስት ጊዜ ቆማ ሣለች። በሮቹንም በእውነት አንዱን በአረንጓዴ፥ አንዱን በቢጫ፥ አንዱን በሰማያዊ አስቀባናቸው። ወጪው ሦስት ቆርቆሮ ቀለም ነው። የሰው እንግልት ሁሉ በዚህ ቀረ አልልም፤ የጎደለ ማስረጃን ሥዕል አያሟላውም። ነገር ግን ሴትዮዋ «ሰማያዊው በር የቱ ነው?» ብላ መጠየቅ ቻለች፤ ዘበኛውም መመለስ ቻለ። ከዚያ ሰንብቶ አንድ ሌላ መሥሪያ ቤት ይህንኑ በዋጋ አሠራት።

በሌላውም ዓለም በዚሁ ነገር ያሰቡ ሰዎች ነበሩ። በኦስትሪያ በቪዬና ከተማ ኦቶ ኖይራት የሚባል ሊቅ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1925 ሙዚየም አቋቁሞ፥ የአገሩን ሀብትና ጤና የሚያሳየውን ቁጥር ሁሉ ላልተማረው ሠራተኛ በሥዕል የሚያስረዳ ዘዴ አወጣ፤ ዘዴውም በኋላ ኢሶታይፕ ተባለ። እርሱ ከሞተ በኋላ ሚስቱ ማሪ ኖይራት በ1950ዎቹ ወደ ምዕራብ ናይጄሪያ ሄዳ ስለ ጤናና ስለ ትምህርት የሚያስረዱ ትንንሽ መጻሕፍት ስታዘጋጅ፥ በአውሮጳ የተሣለው ሰውና ቤት ለዚያ አገር እንደማይሆን አይታ ለአገሩ ሰው በሚስማማ መልክ አስተካከለችው። ይህን ከመጽሐፍ አንብባ የነገረችኝ የእህቴ ልጅ ናት። እኔም የአሮጊቲቱ ጥያቄ ትዝ ብሎኝ፥ የቪዬናው ሊቅም እንደኛ አንዲት አሮጊት ሳትጠይቀው አልቀረችም አልኋት።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ልቤን ወደ ነካው ነገር ልምጣ፤ ይኸውም የፊደል ነገር ነው። ጉራጌኛ የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው፤ ነገር ግን በአማርኛ የሌሉ ድምፆች አሉበት። በቸሃ ንግግር «ነከብ» ማለት «አገኘ» ነው፤ የመጨረሻውን ድምፅ ከንፈርን ክብ አድርገን ስንናገረው ግን «ነከᎇ» ይሆናል፤ ትርጓሜውም «አገኘው» ነው። እንደዚሁም «ነደፍ» ማለት «ነደፈ» ሲሆን «ነደᎋ» ማለት «ነደፈው» ነው። እንግዴህ በከንፈር ጥቂት መክበብ ውስጥ አንድ ሙሉ ሰው አለ፤ የተነደፈው ሰው። ፊደሉ ከጎደለ ያ ሰው ከጽሕፈቱ ውስጥ ጠፋ ማለት ነው። ማን ምን አደረገ ብቻ ሳይሆን በማን ላይ አደረገ የሚለውን ሲጽፍ ለሚውል ለፍርድ ቤት ጸሐፊ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መዝገባችን የሚጻፈው በአማርኛ ስለ ሆነ የምስክሩ ቃል ሲተረጎም ይህ ይስተካከላል፤ ልጁ የአባቱን ተረት በአባቱ ቋንቋ ሊጽፍ ሲነሣ ግን የሚያስተካክልለት የለም።

የዓለም ፊደላት ሁሉ በኮምፒዩተር ላይ እየራሳቸው ቁጥር የሚያገኙበት ዩኒኮድ የሚባል ሥርዓት አለ። የግዕዝ ፊደል እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1999 በ345 ምልክቶች ገባበት። ሟ፥ ቧ፥ ፏ በዚያ ውስጥ ነበሩ፤ የሰባት ቤት ጉራጌ የሚፈልጋቸው የቀሩት ግን አልነበሩም። በ2005 ለመ፥ ለበ፥ ለፈና ለፐ አራት አራት ሆነው 16 ምልክቶች ተጨመሩ፤ በ2021 ደግሞ ለጉራጌ ቋንቋዎች የሚሆኑ ሌሎች 28 ምልክቶች ተጨመሩ። ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ዳሩ ግን ፊደል ቁጥር ስላገኘ ብቻ መልክ አያገኝም። ለእያንዳንዱ የጽሕፈት ዓይነት ፊደሉን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሊሥለው ይገባል፤ ያለዚያ በፊደሉ ቦታ ባዶ ሣጥን ይወጣል። በአስተማሪ እጅ ተባዝቶ በመጣ የጉራጌኛ ወረቀት ላይ እንደዚህ ያሉ ባዶ ሣጥኖች አይቻለሁ፤ ከባድ ፊደል የተባለው ሁሉ ሣጥን ሆኖ ልጆቹ በእርሳስ ሲሞሉት።

የእህቴ ልጅ አሁን ሌሊት ሌሊት የምትሠራው ይህንን ነው። ቀላል መስሎኝ ነበር፤ አይደለም። ጭማሪዋ ምልክት ስትተልቅ ፊደሉን ታስጠላዋለች፤ ስታንስ ደግሞ በትንሽ ጽሕፈት ጊዜ ከፊደሉ አካል ጋራ ተጣብቃ የቀለም ነጠብጣብ ትመስላለች። አንዷን ፊደል አርባ ጊዜ ያህል ስትሥላት አይቻለሁ። ከዚያ አትማ ለአስተማሪዎችና መነጽር ለሚያደርጉ ሽማግሌዎች ታስነብባቸዋለች፤ የት ላይ እንደ ቆሙ በደብተርዋ ትጽፋለች። ወደ ቡታጅራ በሄደች ጊዜ ደግሞ የመስቃንና የክስታኔ ሰዎች «ይህ የሰባት ቤት ነው፤ የኛን መቼ ጠየቅሽን?» አሏት። እርስዋም አልተከራከረችም፤ ሌላ ደብተር ገዛች። የኔታ ብራናውን ሲበሱ የነበረው ትዕግሥት በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ባየሁት ጊዜ ደስ አለኝ።

እንግዴህ በምን ትተዳደራለች? አንባቢ ይህን ካልነገርሁት እንደማይለቀኝ ዐውቃለሁ። ፊደሉ እስከ ዛሬ ድረስ ብዙ አልከፈላትም። የሚያበላት የሠርግ ጥሪ፥ የቡናና የማር መያዣ ላይ የሚለጠፈው ስም፥ የትምህርት ቤት ግድግዳ፥ የማኅበራት ዓርማ፥ ለመስቀል በዓል በሸሚዝ ላይ የሚታተመው ነው። መዝገብዋን ሁለት ዓምድ አድርጋዋለች። በአንደኛው ዓምድ ነጋዴው ሙሉውን ዋጋ ይከፍላል። በሁለተኛው ዓምድ ዕድርና ትምህርት ቤት ቀለሙንና ወረቀቱን፥ ከድካምዋም ጥቂቱን ይከፍላሉ። በነጻ ግን አትሠራም። በመጀመሪያው ዓመት በነጻ ሠርታ ነበር፤ በነጻ የተሠራውን ማንም አልሰቀለውም። ደቦ የጠራ ገበሬ እንኳ ለመጣው ሰው ጠላና እንጀራ ያሰናዳል፤ ለወገን መሥራት ማለት ተርቦ መሥራት ነው ያለ ማን ነው? ደግሞም በከተማው ካሉት የእጅ ጽሕፈት ባለሙያዎች አንዱን፥ ማተሚያው ሥራ ያሳጣውን አሮጌ ሰው፥ ባልደረባ አድርጋዋለች። በግድግዳ ላይ መስመር ሲያወጣ ገመድ አይፈልግም፤ ልጅቱም ይህን ከእርሱ እየተማረች ነው።

በሹመትና በሥራ ላይ ላላችሁ አንባቢዎቼ ጥቂት ልናገር። ማስታወቂያ የምናሠራ፥ መጽሐፍ የምናሳትም፥ ማኅተም የምናስቀርጽ እኛው ነን። በዝቅተኛ ዋጋ ተወዳድሮ ያሸነፈው ይሥራው ብለን ስንፈርም፥ ከኢንተርኔት ለቅሞ የሚያመጣውን እያበላን ኮሪደር ላይ ሦስት ቀን የተቀመጠችውን እያስራብን መሆኑን ብናውቅ ደኅና ነው። በውሉ ላይ አንድ መስመር ብንጨምር አይከብደንም፤ ሥዕሉ ከመታተሙ በፊት ለሚጠቀምበት ሰው ይታይ፥ ለዚያም የሚሆን ቀን ይከፈል የሚል። የሣለው ሰው ስም በመጽሐፉ ላይ ይጻፍ ማለትም እንደዚሁ ዋጋ የለውም፤ እኔ በተማርሁባቸው መጻሕፍት ላይ የሰዓሊ ስም አይቼ አላውቅም። የጉራጌ ሰዎች በ1950ዎቹ ዓ.ም. ገንዘብ አዋጥተው የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው ወደ አገራቸው መንገድ ማውጣታቸውን አገር ያውቀዋል። ከአዲስ አበባ ለበዓል የሚመጣው ባለጸጋ ሁሉ ዛሬም ለትምህርት ቤት ቆርቆሮ ይሰጣል። ለአንድ የመማሪያ መጽሐፍ ሥዕልና ፊደል የሚሰጥ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ቆርቆሮ ከሩቅ ስለሚታይ ይሆናል።

ልጁ ይሣል ወይስ ይተው ብሎ ለሚጠይቀኝ ወላጅ የምመልሰው እንዲህ ነው። የሚሥለውን ሳይሆን ከሣለ በኋላ የሚያደርገውን ተመልከት። ሥዕሉን ለሰው አሳይቶ ሰውየው ያልገባው እንደ ሆነ፥ ሰውየውን የሚሰድብ ልጅ ገና ነው። ቀድዶ ሁለተኛ የሚሥል ልጅ ከሆነ ግን ቀለም ግዛለት። የትምህርት ቤቱ ነገር ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ሒሳብ አያያዝም ቢጨምርበት አይጎዳውም፤ የሁለቱ ዓምድ መዝገብ የእናትዋ ትምህርት ነውና።

ስለ እህቴ ሳልናገር ብተው ትቀየመኛለች። ባለፈው የመስቀል ሰሞን ሱቅዋን አሳድሳ ነበርና ሰሌዳ አስፈለጋት። ወደ ማተሚያ ቤቱ ሳትሄድ የልጇን በር አንኳኳች፤ ስምዋ በአማርኛና በጉራጌኛ እንዲጻፍ፥ ከጎኑም ጅባና ጣባ እንዲሣል አዘዘች። ልጅቱ በመጀመሪያው ዓምድ ጻፈቻት፤ ነጋዴ ናትና። እህቴም እንደ ማንኛውም ደንበኛ ግማሽ ቀን ተከራክራ ሦስት መቶ ብር አስቀነሰች፤ ቀብድ ከፍላ ደረሰኝ ተቀበለች።